አፉ ያልገጠመ ማርሚታ

ማርሚታው ተገኘ፤ አፉ ግን ከቱቦው ጋር አልገጠመም። አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ይዋል ይደር እንጂ ይህ ነገር አይቀርለትም። ሶማሌ ተራ ጠይቆ ያጣል፤ ምናለሽ ተራ ገብቶ ከብረት ክምር መሀል «ይሄ የቮልስ ነው» የተባለውን ይገዛል፤ ተሸክሞ ሾላ ወይም ኮተቤ ወዳለ በያጅ ይመጣል። በያጁ ዕቃውን ከመኪናው ሥር አስጠግቶ አንዴ ያይና «ጋሼ፣ ይሄ ሰፊ ነው» ይላል። ወይም ደግሞ «ይሄ አይገባም።» የባለመኪናው መልስ ሁሌም ያው ነው፦ «ታዲያ አንተ አታስገባውም?»

ያስገባዋል። በመዶሻና በብየዳ የማይገባ ቱቦ የለም። ዋናው ነገር ከገባ በኋላ የሚሆነው ነው፦ ድምፁ ምን ይሆናል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል ወይ፣ ጭሱስ በየት ይወጣል? ብዙ ባለመኪና የሚጨነቀው ስለ ስፋቱ ነው። እኔ ግን ይበልጥ የሚያሳስበው መገጣጠሚያው ነው ባይ ነኝ፤ በተለይ የካንና የእንጦጦን አቀበት ለሚወጣና ለሚወርድ መኪና።

ምሳሌዬን ቮልስ ያደረግኩት በምክንያት ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው ሲወሰዱ የተሳፈሩት በቮልስ ነበር፤ ያን ያህል የከተማው ተራ መኪና ነበረች ማለት ነው። ዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ በ1995 ዓ.ም. ክረምት ከፋብሪካ ወጣች። ቅርጿ ያን ሁሉ ዘመን ብዙም ሳይለወጥ ሞተሯ ግን ተለዋውጧል፦ 1200 አለ፣ 1300 አለ፣ 1500 አለ፣ 1600 አለ። እዚህ ከተማ ውስጥ ደግሞ አብሯት በተወለደው ሞተር የምትሄድ ቮልስ ማግኘት ቀላል አይደለም። የ1200ው ሞተር ሲደክም ከሌላ የተነቀለ 1600 ይገባላታል። ከውጭ የሚያያት ሰው ምንም ልዩነት አያገኝም። የሁለቱ ሞተሮች ቴስታታዎች የጭስ መውጫ አቀማመጥ ግን አንድ ስላልሆነ የ1200 ማርሚታ 1600ው ላይ አይቀመጥም። ሻጩ «የቮልስ ነው» ሲል አልዋሸም። ገዢው የየትኛዋ ቮልስ እንደሆነ አልጠየቀም እንጂ።

ችግሩ የቮልስ ብቻ አይደለም። ከጀርመን፣ ከጣሊያን፣ ከፈረንሳይና ከሶቪየት የመጡት መኪኖች በሚሊ ሜትር የተለኩ ናቸው፤ አሮጌው ላንድሮቨርና የአሜሪካው ጂፕ ደግሞ በኢንች። የ45 ሚሊ ቱቦና የአንድ ከሦስት አራተኛ ኢንች ቱቦ ዓይን አይለያቸውም፤ ኢንቹ 44.45 ሚሊ ነው። ያቺ ግማሽ ሚሊ ቱቦው እሺ ብሎ እንዲገባ ወይም በመዶሻ እንዲመታ ትወስናለች። መኪናውን በሌላ መለወጥም ቀላል አልሆነም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖችን ማስገባት ተከለከለ። ያለውን ጠግኖ መንዳት ድሮም ልማድ ነበር፤ አሁን ብሶበታል።

ስፋት ለምን እንደሚያሳስብ ለማወቅ ማርሚታ ውስጥ የሚሆነውን ማየት ያስፈልጋል። ባለአራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 100 ጊዜ ጭስ ይተፋል። ቫልቩ በተከፈተ ቁጥር ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው ጋዝ ይፈነዳና ግፊቱ ማዕበል ሆኖ በቱቦው ውስጥ ይሮጣል። ጋዙ ራሱ ዘግየት ብሎ ይከተላል፤ ማዕበሉ ግን በድምፅ ፍጥነት ነው የሚሄደው። ሙቀቱ 300 ዲግሪ በሆነ ጭስ ውስጥ ይህ ፍጥነት በሰከንድ 480 ሜትር ገደማ ነው። የምንሰማው ጩኸት ይህ ማዕበል ነው እንጂ ጭሱ አይደለም። ማርሚታ የሚሠራውም ጭሱ እንዲያልፍ፣ ማዕበሉ ግን እንዳያልፍ ነው።

ይህን የሚያደርገው በስፋት ልዩነት ነው። ማዕበል በጠባብ ቱቦ ሲመጣ ቆይቶ ድንገት ሰፊ ቦታ ሲያገኝ ከፊሉ ወደመጣበት ይመለሳል፤ ከሰፊው ወደ ጠባቡ ሲገባም እንደዚያው። የማርሚታው ሆድ ከቱቦው በሰፋ መጠን የሚመለሰው ይበዛል። ሆዱ 150 ሚሊ፣ ቱቦው 40 ሚሊ የሆነ ማርሚታ እንውሰድ። ስፋት የሚለካው በዲያሜትሩ ካሬ ስለሆነ ሆዱ የቱቦውን 14 እጥፍ ይሆናል። ውስጡ ባዶ ለሆነ ሆድ በሚሠራው ቀላል ስሌት መሠረት፣ ይህ በሚመቸው ድምፅ ላይ እስከ 17 ዴሲቤል ይቀንሳል። አሁን በያጁ «ይተንፍስ» ብሎ በ40ው ፈንታ የ50 ሚሊ ቱቦ ቢቀጥልበት፣ ሆዱ ሳይለወጥ እጥፉ ከ14 ወደ 9 ይወርዳል፤ ቅነሳውም ወደ 13 ዴሲቤል። ማርሚታው አንድም ቦታ ሳይቀደድ መኪናው ጮኸ ማለት ነው። ባለቤቱ «ማርሚታው አሮጌ ነው» ብሎ ይናደዳል።

የሆዱ ርዝመትም ድርሻ አለው። አንድን ድምፅ በደንብ ለመመለስ ሆዱ የማዕበሉን ርዝመት ሩብ ያህል መሆን አለበት። ቅድም ያልነው በሰከንድ 100 ጊዜ የሚመጣው ማዕበል በትኩስ ጭስ ውስጥ 4.8 ሜትር ይረዝማል፤ ሩቡ 1.2 ሜትር ነው። ከሞተሯ ኋላ በጎን ተጋድሞ የሚቀመጠው የቮልስ ማርሚታ ያን ያህል ርዝመት የት ያገኛል? ለዚህ ነው ቀጭኑን ድምፅ እየዋጠ ወፍራሙን ጉርምርምታ የሚያሳልፈው። ሠሪዎቹ ክፍልፋዮችንና ቀዳዳ የበዛባቸውን ቱቦዎች ውስጡ የደረደሩት ጉድለቱን ለማካካስ ነው። ሁለቱ ቀጫጭን የመጨረሻ ቱቦዎችም ውስጣቸው ማፈኛ አለ፤ ቮልስ ከሩቅ በፉጨቷ የምትለየው በነሱ ነው። እነሱን በሰፊ ቱቦ ከለወጧቸው መኪናዋ ቮልስ መምሰሏ ቢቀጥልም ቮልስነቷን በጆሮ መለየት አይቻልም።

በተቃራኒው ማጥበብስ? ከ45 ሚሊ ወደ 35 መውረድ በቁጥር ሲያዩት 10 ሚሊ ነው፤ ስፋቱ ግን 40 በመቶ ይቀንሳል። ጥበቱ አጭርና ለስላሳ ከሆነ፣ ሞተሩም በጣም ካልተለፋ፣ ብዙም አይታወቅም። ከዚያ ጀምሮ እስከ መጨረሻው በጠባብ ቱቦ ከቀጠለ ግን ሞተሩ የተቃጠለውን ጋዝ አላወጣም እያለ ከፍ ባለ ዙር ላይ ይታፈናል፣ ይሞቃል። በሞተሩ ዙሪያ በሚነፍስ አየር ብቻ ለሚቀዘቅዘው የቮልስ ሞተር ሙቀት ቀልድ አይደለም።

እዚህ ላይ ነው አቀበቱ የሚመጣው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣ፣ ወይም ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ ጉራራ የሚነዳ ሰው መኪናው ሲያቅተው የመጀመሪያ ተከሳሽ የሚያደርገው ማርሚታውን ነው። «ጠቦባት ነው፣ አስፉልኝ።» 2013 ዓ.ም. ላይ እንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ እሑድ እሑድ ሽቅብ የሚወጣው አሮጌ መኪና በዝቷል፤ ክሱም አብሮ።

ማርሚታው ግን ንጹሕ ነው። የአዲስ አበባ መሀል ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ነው፤ የእንጦጦ ሸንተረር ከ3,000 ያልፋል። መሀል ከተማ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ ወደ 68 በመቶ ይወርዳል። የ1200 ቮልስ ሞተር በደቂቃ 3,600 ሲዞር ወደ 2,000 ሊትር የሚጠጋ አየር ይስባል። ይህ አየር ባሕር ዳር ላይ 2.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ እዚህ ግን 1.8 ኪሎ። የጎደለው እሱ ነው። ፋብሪካው 34 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ ቢበዛ 25፣ እንጦጦ ላይ 23 ገደማ ይኖረዋል። ይህ ገና አዲስ ሳለ ነው፤ ስልሳ ዓመት የሠራውን ባለቤቱ ያውቀዋል።

ጉድለቱ ያለው መግቢያው በኩል ነው፤ መውጫው በኩል ተራራው እንዲያውም ረድቷል። ጭሱን ከውጭ የሚጋፋው አየር ራሱ ሳስቷልና። ስለዚህ የጭስ ቱቦ ማስፋት ተራራው የወሰደውን ጉልበት አይመልስም፤ ጩኸት ይጨምራል እንጂ። እንጦጦ ላይ የሚለማመዱት ሯጮቻችን ደማቸው አየሩን እየለመደ ይሄዳል፤ ካርቡራተር ግን የሚለምደው ነገር የለም፤ ሰው ካልነካው በቀር። ለባሕር ዳርቻ የተቀደደችው የቤንዚን ቀዳዳ አዲስ አበባ ላይ ከሚያስፈልገው በ15 በመቶ ገደማ፣ እንጦጦ ላይ በ20 በመቶ ገደማ አብዝታ ታፈሳለች። ጥቁሩ ጭስ፣ የካንዴላው ጥላሸት፣ የማርሚታው ውስጥ መዘጋት ከዚህ ይመጣል። መኪናው አቀበት አልወጣ ካለ ገንዘቡ መጀመሪያ መዋል ያለበት ካርቡራተሩን ለከፍታው የሚያስተካክል ሰው ጋ ነው። ማርሚታው ላይ የሚፈለገው ፋብሪካው የሠራውን ስፋት ጠብቆ መቆየት ብቻ ነው።

እንግዲህ ስፋቱ ይጠበቅ ከተባለ መጀመሪያ መለካት አለበት። ብዙ ጣጣ የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ቱቦ የሚጠራው በውጭ ዲያሜትሩ ነው፤ በላዩ የሚጠልቀው የማርሚታ አፍ ግን የሚለካው በውስጡ። «ሁለቱም 45 ናቸው» ተብለው የተገዙ ዕቃዎች፣ አንደኛው በውጭ ሌላኛው በውስጥ ከሆነ፣ ያለ ክፍተት ፊት ለፊት ይፋጠጣሉ። ለመግባት በዲያሜትር ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ክፍተት ይፈልጋሉ።

ካሊፐር ያለው በካሊፐር ይለካ። የሌለው በሲባጎ። ቱቦውን አንድ ዙር አጥብቆ አዙሮ፣ ሲባጎውን ዘርግቶ በማስመሪያ ለክቶ፣ ለ3.14 ማካፈል ነው። 141 ሚሊ ከመጣ ቱቦው 45 ነው። ይህ ዘዴ የድሀ ዘዴ መስሎ ይታያል እንጂ ለአሮጌ ቱቦ ከካሊፐር አይተናነስም። አሮጌ ቱቦ ክብነቱን አጥቷል፤ በአንድ በኩል 44፣ በሌላ በኩል 46 ይሆናል። ሲባጎው አማካዩን ይሰጣል። ሲባጎው ላይ አንድ ሚሊ ብንሳሳት እንኳ ዲያሜትሩ ላይ የሚደርሰው ስሕተት 0.3 ሚሊ ብቻ ነው። የቱቦውን አፍ በሜትር አሻግሮ ማንበብ ግን ሁለት ሚሊ ቢያሳስት አይገርምም።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፤ የውሃ ቱቦ። ርካሽ ነው፣ ሾላም ሆነ መገናኛ አካባቢ በየብረታ ብረት መደብሩ ይገኛል፣ ወፍራም ነው። ታዲያ «አንድ ኢንች ተኩል» የሚባል የውሃ ቱቦ 38 ሚሊ አይደለም፤ የውጭ ዲያሜትሩ 48.3 ሚሊ ነው። ባለ ሁለት ኢንቹ 60.3፣ ባለ አንድ ኢንቹ 33.7። ስሙ የመጣው ከድሮ የውስጥ ልክ ነው እንጂ ሜትር ተይዞበት አይደለም። በዚያ ላይ በዚንክ የተነከረ ነው። ዚንክ በብየዳ እሳት ነጭ ጭስ ሆኖ ይተናል፤ በዝግ ቤት የተነፈሰው በያጅ ማታውን እንደ ወባ ብርድ ብርድ ይለዋል። የውሃ ቱቦ ግድ ከሆነ የሚበየደው ጫፍ ዚንኩ እስኪጠፋ ይሞረድ፣ ሥራውም ደጅ ይሁን። ክብደቱ ሌላ ነገር ነው። የመኪና ጭስ ቱቦ ውፍረቱ ከ1.2 እስከ 1.6 ሚሊ ሲሆን የውሃ ቱቦ ከዚያ በእጥፍ ይወፍራል፤ ቀጭኑ የማርሚታ አንገት ያንን ተሸክሞ ሲርገበገብ የሚሰነጠቀው አንገቱ ነው።

ከተለካ በኋላ ልዩነቱ ሁለትና ሦስት ሚሊ ከሆነ ብየዳም ላያስፈልግ ይችላል። ቱቦው በውጭ 45፣ የማርሚታው አፍ በውስጥ 48 ቢሆን ዙሪያውን 1.5 ሚሊ ክፍተት አለ ማለት ነው። የ1.5 ሚሊ ላሜራ 146 ሚሊ ርዝመት ተቆርጦ፣ ቱቦው ላይ ተጠቅልሎ፣ ሁለቱ ጫፎች ሳይደራረቡ እንዲነካኩ ተደርጎ ከገባ ክፍተቱ ይሞላል፤ በላዩ ማሰሪያ ይጠብቃል። ክፍተቱን በቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ የሚሞሉ አሉ። ለዚያን ዕለት ይሠራል። ቆርቆሮው ስስ ስለሆነ ሙቀቱና እርጥበቱ በጥቂት ጊዜ ይበሉታል፤ ክፍተቱም ይመለሳል።

ልዩነቱ ከዚያ ሲበልጥ ድልድይ መሥራት ይመጣል፤ አንድ ጫፉ ጠባብ ሌላው ሰፊ የሆነ አጭር ቁራጭ። ጥሩ በያጅ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። የ60 ሚሊ ቱቦ አንድ ጫፉን ወደ 45 ማውረድ ተፈለገ እንበል። የ60ው ዙሪያ 188 ሚሊ ነው፤ የ45ቱ 141። ስለዚህ ከዙሪያው 47 ሚሊ መውጣት አለበት። በያጁ የቱቦውን ጫፍ ስድስት ቦታ ያሰምራል፤ በየመስመሩ ላይ አፉ 8 ሚሊ የሚጠጋ፣ ወደ ውስጥ እየሾለ የሚሄድ ሦስት ማዕዘን ይቆርጣል። የቀሩትን ስድስት ምላሶች ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ ያጥፋቸዋል፤ ጠርዝ ለጠርዝ ሲገናኙ ይበይዳቸዋል። በአራት ቦታ ብቻ ቆርጦ ማጠፍም ይቻላል፤ ያኔ እያንዳንዱ አፍ 12 ሚሊ ገደማ ይሆንና ቅርጹ ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን መምሰል ይጀምራል። የሦስት ማዕዘኑ ቁመት የሽግግሩን ርዝመት ስለሚወስን ማሳጠር አያዋጣም። ሁለት ሳንቲ ሜትር ላይ የተጨፈለቀ ሽግግር ጭሱን ያጋጨዋል፤ ስምንትና ዐሥር ሳንቲ ሜትር ላይ የተዘረጋ ያስኬደዋል። ሰዓቱ ያጠረበት በያጅ ግን ሰፊው ቱቦ አፍ ላይ መሀሉ የተበሳ ክብ ላሜራ ደፍኖ ጠባቡን በቀዳዳው ይሰካዋል። ከውጭ ሲያዩት ንጹሕ ሥራ ይመስላል፤ ጭሱ ግን ከግድግዳ ጋር ይላተማል።

ድልድዩ የት ይግባ? ማርሚታው አጠገብ። ሞተሩ ዘንድ ያለው ቱቦ በልኩ ይቆይ። ማርሚታው ራሱ የስፋት ለውጥ የሚካሄድበት ቦታ ስለሆነ አጠገቡ የሚጨመር ትንሽ ለውጥ ብዙ አይጎዳም፤ ቴስታታው ሥር የሚደረግ ለውጥ ግን ማዕበሉን በቶሎ ወደ ቫልቩ ይመልሰዋል።

የአቅጣጫ ነገር ደግሞ አለ። ከሞተሩ የሚመጣው ቱቦ ወደ ቀጣዩ ውስጥ ይግባ፤ ቀጣዩ በላዩ ይጥለቅ። ጭሱ የውስጠኛውን ጠርዝ አልፎ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ክፍተቱን አያገኘውም። ተገላቢጦሽ ከሆነ ጭሱ በቀጥታ ጠርዙ ላይ ይመጣና ክፍተቱ ውስጥ ይገባል፤ ማሰሪያው የቱንም ያህል ቢጠብቅ ጥላሸቱ ይወጣል።

ለብየዳው የኤሌክትሪኩ ዱላ ቀጭን ቱቦን ይበሳል፤ በ1.2 ሚሊ ብረት ላይ የጋዝ ብየዳ ለእጅ የበለጠ ይታዘዛል። ማርሚታው መኪናው ላይ እንዳለ በነጥብ በነጥብ ብቻ ይያዝና ወርዶ መሬት ላይ ዙሪያው ይበየድ። ቦታውን ሳይይዝ መሬት ላይ የተበየደ ማርሚታ ሲመለስ ቡሎኑ ቀዳዳውን አያገኝም፤ በግድ ሲጎተት ደግሞ የሚሰነጠቀው የቴስታታው አፍ ነው። ቮልስ ላይ የሚበይድ ሰው ባትሪው ከኋላ መቀመጫው ሥር መሆኑን አይርሳ፤ አሉታዊው ገመድ አስቀድሞ ይነቀል።

ቮልስን ከሌላው የሚለየው የመገጣጠሚያዋ ብዛት ነው። ከኋላ ያሉት ሁለቱ ሲሊንደሮች ጭሳቸውን በቡሎንና በጓርኒሲዮን በቀጥታ ለማርሚታው ያስረክባሉ። የፊተኞቹ ሁለቱ ግን በማሞቂያ ሣጥኖች በኩል ዞረው በማሰሪያ ይያያዛሉ። እ.ኤ.አ. ከ1963 ሞዴል ወዲህ ባሉት አብዛኞቹ ቮልሶች የሳሎኑ ማሞቂያ አየር የሚሞቀው በነዚህ ሣጥኖች ውስጥ ነው፤ ጭሱ በውስጥ ቱቦ ያልፋል፣ ንጹሑ አየር በዙሪያው ዞሮ ወደ ተሳፋሪው ይሄዳል። በመሀላቸው ያለው አንድ የብረት ግድግዳ ብቻ ነው። እሱ ከዛገ፣ ወይም ማርሚታው ሲገጠም በመዶሻ ተመትቶ ከተሰነጠቀ፣ ማለዳ እንጦጦ ላይ ማሞቂያ የከፈተ ሰው ጭስ ይተነፍሳል። ሽታ አለው ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ደም ውስጥ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል፤ ቤንዚን የበዛበት ሞተር አብዝቶ ያመርተዋል፤ ከፍታው ደግሞ የደሙን ኦክስጅን አስቀድሞ ቀንሶታል። ሦስቱም የሚገናኙት እንጦጦ ላይ ነው። ለዚህ ነው ስለ ስፋት የሚጨነቀውን ሰው ወደ መገጣጠሚያው የምመልሰው። የሞተሩ ዙሪያ ላሜራዎችና ጎማዎችም የተሟሉ ይሁኑ፤ ከጎደሉ ማቀዝቀዣው ከሥር የሚወጣውን ጭስ ራሱ ይስበዋል።

ማርሚታ የሚሞተው ከውስጥ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይፈጥራል። ማርሚታው ከሞቀ ውሃው በእንፋሎት ይወጣል፤ ካልሞቀ ሆዱ ውስጥ ተኝቶ ከጭሱ አሲድ ጋር ብረቱን ይበላል። ከላምበረት ሾላ ደርሳ የምትመለስ መኪና ማርሚታዋ ሳይሞቅ ውላ ታድራለች፤ አቀበት የምትወጣዋ ታደርቀዋለች። ቀለም የተቀባ ማርሚታ ከውጭ እያበራ ሆዱ ወንፊት ሊሆን ይችላልና ከመግዛት በፊት ነቅንቆ መስማት ነው፤ ውስጡ የሚንኳኳ ብረት ካለ ክፍልፋዮቹ ተለያይተዋል። አዲስ የተበየደው ላይ፣ ሲገጠም ዝቅ በሚለው ቦታ፣ ሦስት ሚሊ የማትሞላ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ መብሳት ዕድሜውን ያረዝማል። ዓመታዊ ምርመራ የሚሄድ ሰው ቦሎ ይከለክሉኛል ብሎ ይሠጋ ይሆናል፤ ከዚያች ቀዳዳ የሚወጣው ግን ጠብታ ነው እንጂ ድምፅ የሚባል አይደለም።

ሲያልቅ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ መገጣጠሚያዎቹ የሳሙና ውሃ ይቀቡ፤ ሞተሩ ተነሥቶ የመጨረሻው ቱቦ በወፍራም ጨርቅ ለአፍታ ይታፈን። አረፋ የሠራ ቦታ ያፈሳል። ከእንጦጦ ቁልቁል ነዳጅ ለቆ ሲወረድ ከኋላ ፓ! ፓ! የሚል ከሆነም ብዙ ጊዜ ማፍሰሱን ነው የሚነግረው፤ ቱቦው በክፍተቱ አየር ስቦ ያልተቃጠለውን ቤንዚን እያቃጠለ ነው። ማሰሪያዎች ከመጀመሪያው ሙቀት በኋላ ይላላሉ፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ እንጦጦ ማርያም ደርሶ መመለስ፣ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ሩብ ዙር ማጥበቅ። በማግስቱ መገጣጠሚያው ዙሪያ ጥቁር ቀለበት ከታየ ዳዶውን እየጨመሩ ማጥበቅ ቱቦውን ይጨፈልቀዋል፤ ተፈቶ፣ ክፍተቱ እንደገና ተለክቶ፣ ላሜራው ተለውጦ ይገጠም።